ቶምካት ሲነሳ ኮዱ አብሮ እንዲነሳ፦ የለገዳዲው መኖ ቤት ሰርቨር፣ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት

እየሰራሁ እየጻፍኩ ልሄድ ነው፣ ለራሴ እንዳይጠፋኝ፣ ለሌላም ሰው ከጠቀመ ይጥቀም፣ ትንሽ ቢዘበራረቅ ቻሉት። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አክስቴ ለገዳዲ ከዋናው የደሴ መንገድ ገባ ብሎ የከብት መኖ መሸጫ አላት፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ድርቆሽ ምናምን፣ አካባቢው የወተት ላም ያለው ሰው ስለሚበዛ ሥራው አይከፋም። ከመጋዘኑ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ኩንታሎች መሃል አንድ ያረጀ ዴስክቶፕ አለ፣ ሰርቨሩ እሱ ነው። ሊኑክስ፣ ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ)፣ ጃቫ 11፣ ቶምካት 9 (የጃቫ ዌብ አፖችን የሚያስነሳው ፕሮግራም)፣ ላዩ ላይ ደሞ ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ የሰራላት የሽያጭ አፕ። ካሸሯ በብሮውዘር ትሰራለች፣ መጋዘን ያለው ልጅ በስልኩ በዋይፋይ ያያል። አፑን የሰራው ልጅ አሁን አገር ውስጥ የለም፣ ሶርስ ኮዱ ግን አለ፣ እግዜር ይስጠው ንጹህ ነው።

ችግሩ መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል (ባዮሱ ላይ መብራት ሲመለስ ራሱን እንዲያበራ ተደርጓል)፣ ቶምካትም ይነሳል፣ አፑም ይከፈታል፣ ግን ባዶውን። የዕለቱን ዋጋ ከዳታቤዝ አውጥቶ ሚሞሪ ላይ የሚያስቀምጠው፣ ሳያልቁ የቀሩ ደረሰኞችን የሚፈትሸው፣ የሌሊቱን ባክአፕ ቀጠሮ የሚይዘው ኮድ በሙሉ ያለው "ቀን ክፈት" የሚል አንድ ገጽ ውስጥ ነው፣ ሰው ገብቶ ካልተጫነው አይሰራም። ጠዋት አክስቴ ራሷ ትጫነዋለች፣ እሱ ላይ ችግር የለም። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ካሸሯ ገዢ ቆሞባታል፣ ጫኝ አውራጆቹ ይጮሃሉ፣ ስክሪኑ ላይ ፉርሽካ በኩንታል 0.00 ብር ይላል፣ ከዛ ስልክ ወደ እኔ። ባለፈው አንዱ ገዢ ስክሪኑን አይቶ "በዚህ ዋጋማ አምስቱንም ጫኑልኝ" ብሏል አሉ።

ስለዚህ ሥራው ያንን ኮድ ከገጹ አውጥቶ ሰርቨሩ ሲነሳ በራሱ እንዲሮጥ ማድረግ ነው። ስሰማው የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስላል።

ቅዳሜ ማታ

ጃቫ ዌብ ላይ ለዚህ ብዙ መግቢያ አለ፣ ከመምረጤ በፊት ላስቀምጣቸው።

አንዳንዱ ሰው ስታቲክ ብሎክ ውስጥ ይከተዋል። ይሄ ከመጀመሪያው ውጪ፣ ስታቲክ ብሎክ የሚሮጠው ክላሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካ እንጂ ሰርቨሩ ሲነሳ አይደለም፣ ማን መቼ እንደሚነካው ደሞ አይታወቅም። የድሮው መንገድ ሰርቭሌት (ከብሮውዘር ለሚመጣ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የጃቫ ክላስ) ሰርቶ ዌብ ዶት ኤክስኤምኤል (የአፑ ማዋቀሪያ ፋይል) ላይ ሎድ ኦን ስታርታፕ ብሎ ቁጥር መስጠት ነው፣ ዜሮ ወይ ከዛ በላይ ከሆነ አፑ ሲነሳ ኢኒት የሚባለው የማስነሻ ሜተዱ (የኮድ ክፍሉ) ይጠራል፣ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል፣ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ከሆነ ወይ ጭራሽ ካልተጻፈ ግን ኮንቴይነሩ (እዚህ ቶምካት) እንዳሻው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ሪኩዌስት (የብሮውዘር ጥያቄ) እስኪመጣ ዝም ይላል። ይሰራል፣ ግን ማንም በዩአርኤል የማይጠራውን ሰርቭሌት ለማስነሻ ብሎ ማቆየት አይመቸኝም።

ሁለተኛው ሰርቭሌት ኮንቴክስት ሊስነር ነው። ከሰርቭሌት 2.3 ጀምሮ ማለትም ከ2001 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሁለት ሜተድ ነው ያለው፣ አንዱ አፑ ሲነሳ ይጠራል (ኮንቴክስት ኢኒሻላይዝድ)፣ አንዱ ሲወርድ (ኮንቴክስት ዲስትሮይድ)። ትልቁ ጥቅሙ ከየትኛውም ፊልተር (ሪኩዌስቱ ገጹ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያጣራ ኮድ) እና ሰርቭሌት በፊት መጠራቱ ነው፣ ስለዚህ ዋጋው ሳይጫን የሽያጭ ገጹ ቀድሞ የሚነሳበት መንገድ የለም። ከሰርቭሌት 3.0 ወዲህ (2009) ደሞ ኤክስኤምኤል ሳይነካ ክላሱ ላይ ዌብ ሊስነር የሚል አኖቴሽን (ኮዱ ውስጥ በ@ የሚጻፍ ምልክት) መለጠፍ ይበቃል።

ሰርቭሌት ኮንቴይነር ኢኒሻላይዘር የሚባልም አለ፣ ከሊስነሩም ይቀድማል፣ ስፕሪንግ (ታዋቂው የጃቫ ፍሬምወርክ) ያለ ዌብ ዶት ኤክስኤምኤል የሚነሳው በሱ ነው፣ ግን እሱ ላይብረሪ ለሚሰራ ሰው ነው የሚሆነው። የቶምካት የራሱ ላይፍሳይክል ሊስነር ደሞ ሰርቨር ዶት ኤክስኤምኤል (የቶምካት ራሱ ማዋቀሪያ ፋይል) ላይ ተጽፎ ጃሩ (የታሸገው የጃቫ ኮድ) ቶምካት ሊብ ፎልደር ውስጥ ይገባል፣ ኮዱ ከየትኛውም አፕ በፊት መሮጥ ካለበት ወይ ብዙ አፕ አንድ ነገር የሚጋራ ከሆነ ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን ያለው አንድ አፕ ነው፣ ነገ ወደ ጄቲ (ሌላ የቶምካት ዓይነት ሰርቨር) ቢዛወር ከቶምካት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ስፕሪንግ ቡት ቢሆን ኖሮ አፕሊኬሽን ራነር ብሎ መገላገል ነበር፣ ዋይልድፍላይ ምናምን ዓይነት ትልቅ የጃቫ ሰርቨር ቢሆን ደሞ ሲንግልተን እና ስታርታፕ የሚሉት የኢጄቢ አኖቴሽኖች አሉ፣ ባዶ ቶምካት ግን ኢጄቢ አያውቅም።

ሊስነር ይሁን።

እሁድ

ላፕቶፔ ላይ መጀመሪያ ባዶ ሊስነር ጻፍኩ፣ አንድ መስመር ሎግ (የሥራ መዝገብ) ብቻ የሚያወጣ። ዋር (አፑ የሚታሸግበት ፋይል) አድርጌ ዴፕሎይ፣ ቶምካት ተነሳ፣ አፑም ይሰራል፣ ሎጉ ግን የለም። ኤረር የለም፣ ዋርኒንግ የለም፣ ጸጥ። እንደዚህ አይነት ነገር ነው ሰው የሚያሳብደው፣ ቢጮህ እኮ ይሻላል።

ምክንያቱ ላፕቶፔ ላይ ያለው ቶምካት 10.1 መሆኑ ነው። ከቶምካት 10 ጀምሮ ጃቫክስ ሰርቭሌት የሚለው የፓኬጅ ስም ጃካርታ ሰርቭሌት ሆኗል (ጃቫ ኢኢ ከኦራክል ወደ ኤክሊፕስ ሲዛወር በስም ጣጣ የመጣ ነው)፣ ስለዚህ በድሮው ስም የተለጠፈ አኖቴሽን ለአዲሱ ቶምካት ከማንኛውም የማያውቀው አኖቴሽን እኩል ነው፣ አልፎት ይሄዳል። ያው ክላስ በዌብ ዶት ኤክስኤምኤል ተጽፎ ቢሆን ግን ክላሱን ለማስነሳት ሲሞክር ጃቫክስን አጥቶ ይጮህ ነበር። አኖቴሽን ዝም ይላል፣ ኤክስኤምኤል ይጮሃል፣ ይሄን ያዙልኝ። የድሮውን ዋር ሳይነኩ 10 ላይ ማስኬድ ለሚፈልግ ዌብአፕስ ሰረዝ ጃቫኢኢ የሚል ፎልደር ውስጥ ቢያስገቡት ቶምካት ራሱ ቀይሮ ያነሳዋል። እኔ ግን ሱቁ ያለው 9 ስለሆነ ላፕቶፑንም 9 አደረግኩት፣ ወዲያው ሎጉ ወጣ።

ሎጉን በአማርኛ ነው የጻፍኩት፣ አክስቴ ራሷ ከፍታ እንድታነበው።

ሰኞ ማታ

ከሥራ በኋላ ለገዳዲ። እዚህ ደሞ ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ላፕቶፕ ላይ የሰራው ሊስነር እዚህ ዝም አለ። ተመሳሳይ ቶምካት፣ ተመሳሳይ ጃቫ። ልዩነቱ ሱቁ ላይ ያለው ዌብ ዶት ኤክስኤምኤል የመጀመሪያ መስመር ላይ ሜታዳታ ኮምፕሊት ትሩ የሚል አለው፣ ትርጉሙ "የሚያስፈልገው ሁሉ እዚሁ ፋይል ላይ ተጽፏል፣ ክላሶቹ ውስጥ አኖቴሽን አትፈልግ" ነው። ልጁ ይሄን ያደረገው ቶምካት ሲነሳ ጃሮቹን ሁሉ እያገላበጠ ጊዜ እንዳይፈጅ መሆን አለበት፣ በዚህ ያረጀ ሃርድ ዲስክ ልክ ነበር። ስለዚህ አልነካሁትም፣ አኖቴሽኑን ጥዬ ሊስነሩን ኤክስኤምኤሉ ላይ ጻፍኩት። እንደውም ይሄ ይሻላል፣ ሊስነሮች በኤክስኤምኤል ሲጻፉ በተጻፉበት ተራ ይነሳሉ፣ ሲወርዱ በተቃራኒው፣ በአኖቴሽን ግን ተራው ዋስትና የለውም። ነገ ሁለተኛ ሊስነር ቢጨመር ማን ይቅደም ብሎ መጨነቅ የለም።

ሁለተኛ፣ አሁን ሎጉ ወጣ፣ ግን ሁለቴ ወጣ። "ዋጋ መጫን ተጀመረ" ትንሽ ቆይቶ እንደገና "ዋጋ መጫን ተጀመረ"። አማርኛው ራሱ መጀመሪያ የወጣው ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ነው፣ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው) ቶምካትን ሲያስነሳ የቋንቋ ሴቲንግ ስላልተሰጠው ጃቫ ፊደሉን አላወቀውም፣ ሴትኤንቭ በሚባለው የቶምካት ማስነሻ ሴቲንግ ፋይል ላይ ፋይል ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ 8 ብዬ ስሰጠው ተስተካከለ (ከጃቫ 18 ወዲህ ዲፎልቱ ዩቲኤፍ 8 ሆኗል፣ እኛ 11 ላይ ነን)። ወደ ሁለቴው ስመለስ፣ ሰርቨር ዶት ኤክስኤምኤል ውስጥ አፑ በዋናው አድራሻ እንዲከፈት ተብሎ ኮንቴክስት (አፑ የት እንዳለና በየትኛው አድራሻ እንደሚከፈት የሚገልጽ) ተጽፎለታል፣ ዶክቤዙ (የአፑ ፎልደር ቦታ) የሚያሳየው ግን ዌብአፕስ የሚባለው ቶምካት አፖችን የሚፈልግበት ፎልደር ውስጥ ያለውን ራሱኑ ነው። ቶምካት ያንን አነሳ፣ ከዛ ደሞ ዌብአፕስን ሲቃኝ ያንኑ ፎልደር አገኘውና በራሱ ስም እንደገና አነሳው። በአንድ ሰርቨር ሁለት አፕ፣ ሁለት ሚሞሪ፣ ሁለት የባክአፕ ቀጠሮ። እስከዛሬ ማንም ያላወቀው በገጽ ስለሚከፈት ነው፣ ሰው የሚገባው በአንዱ አድራሻ ብቻ ነዋ። መፍትሄው አፑን ከዌብአፕስ ውጭ ወዳለ ፎልደር ማዛወር ነው፣ ወይም ዌብአፕስ ውስጥ ትቶ ሩት ብሎ ስሙን መቀየርና ኮንቴክስቱን ማጥፋት። ሁለተኛውን መረጥኩ።

አፑን ባስተካክልም ኮዱ ራሱ ሁለቴ ቢሮጥ የማይበላሽ መሆን እንዳለበት እዚሁ ወሰንኩ። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ኮንፊጉን ይነካዋል።

ረቡዕ

ዛሬ ዋናው። ማሽኑን ከነመብራቱ አጥፍቼ ሳስነሳው (ሪስታርት ሳይሆን ከግድግዳው ነቅዬ) አፑ በሙሉ 404 (ገጹ አልተገኘም) ሆነ። የሽያጭ ገጹ፣ ሎጊኑ፣ ሁሉም።

ቶምካት ዋና ሎግ ላይ የሚለው አንድ ወይም ከዛ በላይ ሊስነር መነሳት አልቻለም፣ ዝርዝሩን ሌላ ሎግ ላይ እዩ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል፣ ዝርዝሩ ያለው ሎካልሆስት ብሎ በቀን ስም የተቀመጠው ፋይል ውስጥ ነው። እዛ ሄጄ ሳይ ፖስትግሬስ ነው፣ "ዳታቤዙ ገና እየተነሳ ነው" የሚለው ኤረር፣ ኮዱ 57ፒ03። መብራት በድንገት ሲሄድ ፖስትግሬስ ሲመለስ መጀመሪያ የራሱን ጆርናል አንብቦ ያልተጠናቀቀውን ያስተካክላል፣ እስከዛ ኮኔክሽን አይቀበልም፣ በዚህ ዲስክ ደሞ ጊዜውን ይወስዳል። የኔ ሊስነር ቀድሞት ደርሶ አንኳኳ፣ አልተከፈተለትም፣ ኤክሴፕሽን (ስህተት) ወረወረ፣ ቶምካት ደሞ ሊስነሩ ኤክሴፕሽን ከወረወረ አፑን በሙሉ አያነሳም፣ ሕጉ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ማሰብ ያስፈልጋል። ዋጋ ካልተጫነ አፑ መነሳት የለበትም የሚለው ትክክል ነው፣ 0.00 ብር ከማሳየት 404 ይሻላል። ግን 404 ሆኖ የሚቀር ነገር የሚያስነሳው ሰው ይፈልጋል፣ ያ ሰው እኔ ነኝ፣ እኔ ደሞ ቀን ሌላ ቦታ ተቀጥሬ ነው የምሰራው። ዳታቤዙ ከደቂቃ በኋላ ይነሳል፣ አፑ ግን እንደሞተ ነው።

ቀላሉ ነገር ሊስነሩ ውስጥ ቆሞ መጠበቅ ነው፣ ዳታቤዙ እስኪመለስ እየደጋገመ። ሞከርኩት። ያኔ ቶምካት በሙሉ ይቆማል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ አፖቹን አንድ በአንድ አስነስቶ ነው መጨረሻ ላይ ሪኩዌስት መቀበል የሚጀምረው። የሚገርመው ብሮውዘሩ "ሰርቨሩ የለም" አይልም፣ ፖርቱ ገና ከመነሻው ስለተያዘ ኮኔክሽኑ ወረፋ ይይዝና ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ካሸሯ ነጭ ገጽ እያየች ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ።

ሲስተምዲ ላይ ቶምካት ከፖስትግሬስ በኋላ ይነሳ ብሎ አፍተር መጻፍ ይረዳል፣ ጻፍኩትም፣ ግን እሱ ቡት ሲደረግ ተራ ያስይዛል እንጂ ዳታቤዙ ዘግይቶ ቢነሳ ወይ ጭራሽ ባይነሳ አፑ ምን ያድርግ የሚለውን አይመልስም።

ስለዚህ እንዲህ ሆነ። ሊስነሩ ራሱ ምንም ከባድ ሥራ አይሰራም፣ አንድ ትሬድ (ከዋናው ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) ያለው ኤግዚኪዩተር (ሥራ ተቀብሎ የሚያስኬድ) ከፍቶ ሥራውን ለሱ ሰጥቶ ወዲያው ይመለሳል፣ ቶምካትም ይነሳል። ትሬዱ ዳታቤዙን ይሞክራል፣ ካልሆነ አምስት ሰከንድ ቆይቶ እንደገና፣ ሲሳካለት ዋጋውን ጭኖ "ዝግጁ" የሚል አንድ ምልክት ያበራል (ቮላታይል ቡሊያን፣ ማለትም ሁሉም ትሬድ ወዲያው የሚያየው አዎ/አይ ምልክት፣ በቃ)። ከፊት ደሞ አንድ ፊልተር አለ፣ ምልክቱ ካልበራ የትኛውንም ገጽ አያሳልፍም፣ 503 ኮድ (ለጊዜው አገልግሎት የለም) ይመልስና በትልቁ "ሲስተሙ እየተነሳ ነው፣ ትንሽ ይጠብቁ" የሚል ገጽ ያሳያል፣ ገጹ ራሱ በየአምስት ሰከንዱ ሪፍሬሽ ይላል። ከስር በትንሹ ለምን እንደቆመ ይጽፋል፦ ዳታቤዝ እየተጠበቀ ነው፣ ወይ ዋጋ እየተጫነ ነው። ይቺ ትንሿ መስመር ከሁሉም በላይ ጠቃሚ ሆና ነው ያገኘኋት፣ ስልክ ሲደወል "ምን ይላል?" ብዬ ስጠይቅ የሚነበብ ነገር አለ።

ኮዱ ሃምሳ ምናምን መስመር ነው። ያ ሁሉ ውይይት ለሃምሳ መስመር።

ሐሙስ

ያላለቁ ደረሰኞች። ድሮ "ቀን ክፈት" ሲጫን ክፍት የቀሩ ደረሰኞችን ሁሉ ሰርዞ የተያዘውን ኩንታል ወደ ስቶክ ይመልስ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሲጫን ችግር የለውም፣ ትላንት ተጀምሮ ያላለቀ ነገር ቢሰረዝ ማንም አይቀየምም። ሰርቨር ሲነሳ ራሱ ይሩጥ ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ አካባቢ ሰርቨር ተነሳ ማለት መብራት መጣ ማለት ነው፣ ያ ደሞ ቀን በስምንት ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ገዢው ካሸሯ ፊት ቆሞ፣ ግማሹ ኩንታል አይሱዙ ላይ ተጭኖ። ጠዋት አንዴ ይሮጣል ተብሎ የተጻፈ ኮድ ወደ ስታርታፕ ሲዛወር ያ "ጠዋት አንዴ" የሚለው ግምት አብሮት ይመጣና ተደብቆ ይቀመጣል። መስመር በመስመር አንብቦ ግምቱን ማውጣት ነው ሥራው፣ ሊስነሩን መጻፍማ ማንም ይጽፈዋል።

አክስቴን ጠየቅኳት።

"እቴቴ፣ መብራት ሲሄድ ተጀምሮ ያላለቀ ደረሰኝ ምን ይሁን? ልሰርዘው?"

"ምን ማለትህ ነው ልሰርዘው? ሰውየው በቴሌብር ልኮልኝ ቢሆንስ?"

"ካልላከስ?"

"እሱን እኔ አውቃለሁ፣ አንተ አሳየኝ ብቻ።"

በዚህ መሰረት ሰራሁት። ሲነሳ ክፍት የሆኑትን ሁሉ "መብራት ያቋረጠው" ወደሚል ሁኔታ ያዛውራቸዋል፣ ስቶኩን አይነካም፣ ካሸሯ ስትገባ ዝርዝሩ ከላይ በቢጫ ይታያል፣ እያንዳንዱን ወይ "ቀጥል" ወይ "ሰርዝ" ትላለች፣ መሰረዝ የምትችለው ግን አክስቴ ናት። ዝውውሩ አንድ አፕዴት ነው፣ በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉ ወይ ምንም)፣ ሁለተኛ ጊዜ ቢሮጥ ክፍት የሆነ ስለማያገኝ ምንም አያደርግም። በዛ ላይ የፖስትግሬስ አድቫይዘሪ ሎክ (በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ የሚይዘው ቁልፍ) ጨመርኩበት፣ ያ የሰኞው ሁለት አፕ ነገር ቢደገም ሎኩን ያላገኘው ዝግጁ ሳይሆን እዛው ይቆማል፣ በትንሿ መስመር ላይም "ሌላ ቅጂ እየሰራ ነው" ብሎ ይጽፋል። ሎኩ ኮኔክሽኑ ሲዘጋ ራሱ ይለቀቃል፣ መብራት ሲሄድ የሚቀር ቁልፍ የለም፣ ለዚህ ነው በፋይል ከሚሰራ ሎክ የሚሻለው።

ዓርብ

ሰዓቱ! ይሄ ያልጠበቅኩት ነው። ከግድግዳው ነቅዬ ሳስነሳው ዛሬ ሁሉም ሰርቶ ዋጋው የድሮ ሆነ፣ ፋጉሎ ከወራት በፊት በነበረው ዋጋ። ሎጉን ሳይ ቀኑ ራሱ ከወራት በፊት ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ኢንተርኔት ካለ ከኔትዎርክ ይስተካከላል፣ መብራት እንደመጣ ግን ኢንተርኔቱ ቶሎ አይመለስም። ዋጋው ሰንጠረዥ ላይ "ከዚህ ቀን ጀምሮ" የሚል አለው፣ ኮዱ ከዛሬ በፊት ካሉት የመጨረሻውን ይወስዳል፣ ዛሬ ማለት ከወራት በፊት ከሆነ ያው የዛን ጊዜውን ያመጣል። ኮዱ ትክክል ነው፣ ሰዓቱ ነው የዋሸው።

ሲአር 2032 ባትሪ ከመገናኛ ገዝቼ ቀየርኩት። ግን ባትሪ እንደገና ይሞታል፣ ስለዚህ የማስነሻ ኮዱ ከዋጋ በፊት አንድ ነገር እንዲፈትሽ አደረግኩ፦ ዳታቤዝ ላይ ካለው የመጨረሻ ደረሰኝ ሰዓት አሁን ያለው ሰዓት ወደ ኋላ ከሆነ ዝግጁ አይሆንም፣ ገጹ ላይ "የማሽኑ ሰዓት ትክክል አይደለም" ይጽፋል። ትሬዱ በየአምስት ሰከንዱ ስለሚሞክር ኢንተርኔት መጥቶ ሰዓቱ ሲስተካከል ራሱ ያልፋል፣ ካልመጣ ደሞ ሰዓቱን በእጅ ማስተካከያ ትዕዛዙን ወረቀት ላይ ጽፌ ማሽኑ ላይ ለጥፌያለሁ።

የባክአፑ ቀጠሮም ከዚህ ፍተሻ በኋላ ነው የሚያዘው፣ ምክንያቱም ስኬጁለሩ (ቀጠሮ የሚይዘው ኮድ) "ከአሁን ስንት ሰዓት በኋላ" ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ በተሳሳተ ሰዓት ከተሰላ በኋላ ሰዓቱ ቢስተካከልም ቆጠራው አይስተካከልም፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የተባለው ቀን ሽያጭ መሃል ላይ ይመጣል። የጃቫውንም ታይም ዞን አዲስ አበባ ብዬ ሴትኤንቭ ላይ አስገባሁት፣ ማሽኑ ዩቲሲ (ከኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ያለው የዓለም ሰዓት) ላይ ስለነበረ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። አክስቴ ዋጋ ስትቀይር ቀኑን በኛ አቆጣጠር ብታስገባ ትወዳለች፣ ጃቫ ታይም ውስጥ የጃፓኑም የታይላንዱም ካላንደር አለ፣ የኛው የለም፣ ስሪተን ኤክስትራ ከሚባለው ላይብረሪ ኢትዮፒክ ክሮኖሎጂ ይወሰዳል፣ ጳጉሜንም ያውቃል። ይሄ ሌላ ጊዜ።

ቅዳሜ

ስለ መውረድ። ቶምካት በሥርዓት ሲቆም ኮንቴክስት ዲስትሮይድ ይጠራል፣ እዛ ላይ ኤግዚኪዩተሩን መዝጋት ግዴታ ነው፣ ካልተዘጋ ቶምካት "ይሄ አፕ ትሬድ አስነስቶ አላቆመም፣ ሚሞሪ ሊክ ሊፈጥር ይችላል" ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ዋር በተቀየረ ቁጥር አሮጌው ትሬድ ከነሚሞሪው እዛው ይቀራል፣ ባክአፑም በአሮጌውም በአዲሱም ይሮጣል። ግን መብራት ሲሄድ ዲስትሮይድ አይጠራም፣ ማንም አይጠራውም፣ ስለዚህ እዛ ውስጥ መቅረት የሌለበት ነገር አይቀመጥም። አንዳንድ ሰው ሚሞሪ ላይ የያዘውን ቆጠራ ሲወርድ ዳታቤዝ ላይ ልጽፍ ይላል፣ ለገዳዲ ላይ ይሄ አይሰራም።

ሌላ የሚያጋጥም ነገር፣ በስኬጁለር በየጊዜው የሚሮጥ ሥራ አንዴ ኤክሴፕሽን ከወረወረ ከዛ በኋላ እስከመጨረሻው አይጠራም፣ ኤረርም አያሳይም። ባክአፑ አንድ ሌሊት ፍላሽ ተነቅሎ ቢያገኝ ከዛ በኋላ ዝም ማለት ነው። ሥራውን በሙሉ በትራይ ካች (ስህተት መያዣ ኮድ) ጠቅልዬ ኤረሩን ሎግ ላይ አስወጣሁ፣ የመጨረሻው ባክአፕ መቼ እንደሆነም ከዋናው ገጽ ግርጌ ይታያል።

ሱቁ ከተዘጋ በኋላ አክስቴን አስፈቅጄ ብሬከሩን አወረድኩት። ትንሽ ቆይቼ ሳነሳው ማሽኑ ተነሳ፣ በስልኬ ገጹን ከፈትኩ፣ መጀመሪያ ምንም፣ ከዛ "እየተነሳ ነው፣ ዳታቤዝ እየተጠበቀ ነው"፣ ከዛ ራሱ ሪፍሬሽ ብሎ ሎጊን። ሆን ብዬ ከፍቼ የተውኩት የሦስት ኩንታል ድርቆሽ ደረሰኝ በቢጫ ከላይ አለ። ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሼም ሞከርኩ፣ ቆመ፣ ምክንያቱን ጻፈ፣ ሳስተካክለው አለፈ። "ቀን ክፈት" የሚለውን ገጽ ከሜኑ አወጣሁት፣ ኮዱን ግን ገና አላጠፋሁም።

ሰኞ

ቀን ላይ መብራት ሄዶ ነበር፣ የሰማሁት ማታ ነው፣ ስልክ አልተደወለም። ሎጉን በርቀት ገብቼ አየሁት፣ ዳታቤዙ በአራተኛው ሙከራ ነው የተከፈተው፣ ሁለት ደረሰኝ ተቋርጦ አንዱ ቀጥሏል፣ አንዱን አክስቴ ሰርዛዋለች።

አዲስ ጥያቄ መጥቷል፦ ፋጉሎ ቀን ላይ ዋጋው ሲቀየር "መብራቱን ላጥፋና ላብራው እንዴ?" ብላለች፣ ዋጋው ሚሞሪ ላይ የሚገባው ሲነሳ ብቻ ስለሆነ። ያንኑ የመጫኛ ሜተድ የዋጋ መቀየሪያው ገጽ ሲያስቀምጥ እንዲጠራው ማድረግ ነው፣ አዲስ ካርታ (ማፕ፣ ሚሞሪ ላይ ያለው የዋጋ ዝርዝር) ሞልቶ በአንድ ጊዜ መተካት፣ ያለውን እየደመሰሱ መሙላት ሳይሆን፣ አለዚያ መሃል ላይ የገባ ሪኩዌስት ያቺን 0.00 ያገኛታል። እሱን ረቡዕ ማታ።